ኩበት ስለደረቀ ብቻ ንጹሕ አይሆንም

«ኩበት እኮ ነው፣ ደርቋል፤ ምን ጀርም ይኖረዋል?» አራት ኪሎ አካባቢ ችግኝ ስሸጥ ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። የሚሉኝ ደግሞ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ለመጠየቅም አይደለም፣ ተከራክረው ሊረቱኝ ነው።

ስለ እበት የሚነገሩኝን ሌሎች ነገሮች አስቀድሜ ቶሎ ቶሎ ልመልስ። የኮሶ ትል ከእበት አይይዝም። እንቁላሉ የሚወጣው ከሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ከብቱ ከሣር ጋር ይበላዋል፣ እኛ በጥሬ ሥጋ እንረከበዋለን። ቁርጥ እየበላ እበት የሚፈራ ሰው ይገርመኛል።

በባዮጋዝ፣ ማለትም ከእበት በሚወጣው ጋዝ፣ የተሠራ ወጥ እበት እበት አይልም። ጋዙ በአብዛኛው ሽታ የሌለው ሚቴን ነው፤ የሚሸተው ጥቂቱ ክፍል አብሮ ይነዳል።

«እበት ከዩሪያ ይበልጣል» ለሚሉ፦ በናይትሮጅን ከሆነ አይወዳደሩም። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። 100 ኪሎ ትኩስ እበት ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው ያለው፤ 80 ኪሎ የሚሆነው ውሃ ነው። እበት የሚመሰገነው አፈር ስለሚያለሰልስ፣ እርጥበት ስለሚይዝና ያለውን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው። የዶሮ ኩስ ግን ኃይለኛ ነው፤ ትኩሱን ሥር ላይ ካደረጋችሁት ተክሉን ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ኩበቱ። አንድ ግራም እበት ውስጥ ባክቴሪያው በቢሊዮን ይቆጠራል። አብዛኛው ላሟ የበላችውን ሣር ሲያብላላ የኖረ፣ ሰው የማይነካ ነው። መሃሉ ላይ ግን ሰው የሚያሳምሙት ሳልሞኔላ፣ ካምፒሎባክተር፣ ክፉው የኢ. ኮላይ ዓይነትም ሊኖር ይችላል፤ ላሟ ራሷ ምንም ሳትሆን። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ብዙው ይሞታል፣ ሁሉም ግን አይሞትም። የተረፈው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል።

ካዛንቺስ ያሉ አንዲት ደንበኛዬ ኩበት አድቅቀው ከአፈር ቀላቅለው፣ ለጾም እንዲደርስላቸው ሰላጣ በባልዲ ተክለው ነበር። በረንዳቸው ላይ ወጥቼ ሳይ ከሰላጣው ቀድሞ የጅብ ጥላ በቅሏል፤ እግሩ ቀጭን፣ ባርኔጣው ግራጫ፣ ጠርዙ ወደ ጥቁር ቀለም እየቀለጠ የሚንጠባጠብ።

«እትዬ፣ ይኼ ከየት መጣ?»

«ከውሃው ነዋ!»

ውሃው የቧንቧ ነው። ዘሩ የመጣው ከኩበቱ ነው፤ ላሟ ከሣር ጋር ውጣው፣ አንጀቷን አልፎ፣ ፀሐዩንም ችሎ። እርግጥ የእንጉዳይ ዘር ከባክቴሪያ ይጠነክራል፤ ቢሆንም «ደርቋል፣ ሞቷል» የሚለው ነገር እዚያው ባልዲ ውስጥ ፈርሷል። ሰላጣ ደግሞ ተቀቅሎ አይበላም።

ጀርሙን የሚገድለው በሙቀት መብላላት ነው። ግቢ ያላችሁ እበቱን ከጭድ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር አንድ ሜትር ያህል ከምሩት፤ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ የሚል እርጥበት ይኑረው። መሃሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል አገላብጡት፣ ዳር ያለውም ተራው ይድረሰው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የብረት ዘንግ መሃሉ ላይ ሰክታችሁ ቆይታችሁ አውጡት። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ መቆየት ከቻላችሁ ገና አልሞቀም። ከዚያ በኋላም ጠቁሮ፣ አሞኒያው ጠፍቶ አፈር አፈር እስኪሸት ወራት ይተኛ።

በባልዲ የተከመረ አይሞቅም፣ አትድከሙ። በረንዳ ላይ የምትተክሉ የበሰለ ብስባሽ ግዙ፤ ኩበቱን ለአበባ አድርጉት። ያልተብላላ ፍግ የገባበትን አፈር የሚነካ፣ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ካለ፣ ፍጉ ከገባ 120 ቀን ሳይሞላ አትሰብስቡ።

ቁስል ላይ እበት የምታደርጉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ስፖር፣ ማለትም ችግር የሚችለው የባክቴሪያው ዘር፣ በእበትም በፋንድያም ውስጥ ይገኛል፤ የክምሩ ሙቀትም አይገድለውም። ክምር ስታገላብጡ ጓንት አድርጉ። ሚስማር ወይም ሽቦ ከወጋችሁ ቁስሉን በሳሙና ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የመጨረሻውን የቴታነስ ክትባት መቼ እንደወሰዳችሁ ይጠይቋችኋል።