የአንባቢ ለአንባቢ ምክር፦ ልብ ወለድ በኢትዮጵያ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይወራል

በኢትዮጵያ አንድ ልብ ወለድ ተነባቢ የሚሆነው በአብዛኛው በሰው አፍ ነው። ለማስታወቂያ የሚመደበው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ በጋዜጣ ላይ ሳይቋረጥ የሚወጣ የመጻሕፍት ሒስ ብርቅ ነው፤ የመጀመሪያው እትምም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሺህ ቅጂ አያልፍም። ስለዚህ «አንብበኸዋል?» የሚል የሥራ ባልደረባ፣ ታክሲ ውስጥ ሽፋኑን አይቶ «እንዴት ነው እሱ?» የሚል ተሳፋሪ፣ ክንዱ ላይ መጻሕፍት ደርድሮ የሚዞር አዟሪ የመጽሐፉን ዕድል ይወስናሉ። ምክሩ ጥሩ የሚሆነው መጽሐፉ ለማን እንደሚስማማ ሲናገር ነው። አብዛኛው አስተያየት ግን «ግሩም ነው» ወይም «አይረባም» ብሎ እዚያው ያቆማል።

ከሬዲዮ የጀመረ ክርክር

ልብ ወለድን አብሮ መስማት አብሮ ከማንበብ ያላነሰ ሥር አለው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከወረቀቱ ሌላ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ትረካው በክፍል በክፍል የሚተላለፍ ስለነበር አድማጩ ቀጣዩን እየጠበቀ ይከራከራል፦ በዛብህ አፍቃሪ ነው ወይስ ፈሪ? ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ ከሁሉም ጤነኛው እሱ ነው? ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎችም በክርክሩ እኩል ይሳተፉ ነበር። ዛሬ የዚህን መጽሐፍ መጨረሻ ተናግሮ የሚወቀስ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። ይህ ዕድል ግን የጥቂት መጻሕፍት ነው።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሌላ ልማድ ተክሏል። በ1975 ዓ.ም. እንደታተመ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። በአንባቢ እጅ የቀሩት ቅጂዎች በድብቅ ከሰው ወደ ሰው ይዞሩ ስለነበር፣ ያን መጽሐፍ «አንብበው» ማለት የሚታመን ሰው መምረጥንም ይጠይቅ ነበር። ልብ ወለዱ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ ያደረገ በመሆኑ አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን ከእውነተኛ ባለሥልጣናት ጋር ማዛመድ ያዘ። ለኦሮማይ ይህ ፍለጋ ተገቢ ነው። ችግሩ ልማዱ ለሁሉም መጽሐፍ መዋሉ ነው፦ ስለ አንዲት የቡና ቤት ሴት የተጻፈ አጭር ታሪክ እንኳ «እሷ እገሊት ናት» ተብሎ ይዘጋል፤ ስለ አተራረኩ የሚነሳ ነገር የለም። የቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) ሕግ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ከቀረ በኋላም ይህ አነባበብ አልጠፋም።

አዟሪው እና ኪራዩ

በአዲስ አበባ በለገሃር፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ በአራት ኪሎ እና በሜክሲኮ መጽሐፍ በእግረኛ መንገድ ላይ ይሸጣል፤ ያገለገለ ለሚፈልግ መርካቶም አለ። አዟሪ ብዙ መጽሐፍ ላያነብ ይችላል፤ የአንባቢን አፍ ግን በደንብ ይሰማል። ምክሩን ለመጠቀም ጥያቄውን ማስተካከል ያስፈልጋል። «ጥሩ መጽሐፍ አለህ?» ቢሉት እጁ ላይ የተረፈውን ያወጣል። «ሰሞኑን ከአንድ ጊዜ በላይ የተጠየቅኸው የቱን ነው? የገዛው ሰው ተመልሶ ምን አለ?» ሲባል መልሱ ይለያል።

ከመክፈል በፊት መጽሐፉን ከመሃል መግለጥ ይገባል። ገጾች በትልቅ ወረቀት ላይ ታትመው የሚታጠፉ በመሆናቸው ስህተት ሲፈጠር የሚጎድለው አንድ ገጽ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 16 ገጽ አብሮ ይጎድላል፣ ወይም ያው ክፍል ሁለቴ ይገባል። የሽፋኑ ሥዕል ከደበዘዘ፣ ፊደሉ ከሳሳና ህዳጉ ከጠበበ በፎቶኮፒ የተባዛ ሕገ ወጥ ቅጂ ሊሆን ይችላል። በኋላ ሽፋን ላይ በታተመው ዋጋ ላይ ሌላ ዋጋ ተለጥፎ ማየት ግን የተለመደ ነው። የወረቀት ዋጋ ሲንር ነጋዴው አሮጌውን ክምችትም አብሮ ያንረዋል።

አሁን የተዳከመው የመጽሐፍ ኪራይ በአንባቢው ምርጫ ላይ ዐሻራውን ጥሏል። ተከራዩ መያዣ አስይዞ በቀን ሒሳብ ይከፍላል፤ ስለዚህ በሁለትና በሦስት ቀን የሚያልቅ ልብ ሰቃይ ታሪክ ያዋጣዋል፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ረጅም ሥራ ያስከፍለዋል። «ቁጭ ብዬ ጨረስኩት» ከፍተኛው ምስጋና ሆኖ የቀረው በከፊል ከዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ቁጭታ ማለቁ ግን ስለ መጽሐፉ ፍጥነት እንጂ ስለ ሌላ ብዙ ነገር አይናገርም።

የሚጠቅም አስተያየት ምን ይዟል?

ሰው ሲያማክር መልሱ የሚጀምረው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከጠያቂው ነው። ሳይተው የጨረሰው የመጨረሻ መጽሐፍ የቱ ነው? ጀምሮ የተወውስ፣ የት ላይ ተወው? የሚያነበው ታክሲ ውስጥ በአሥር በአሥር ደቂቃ ነው ወይስ ሌሊት? እነዚህን ሳይጠይቁ መምከር የራስን ጣዕም መጫን ነው። አምስት ርዕስ መደርደርም አይረዳም፤ ጠያቂው አንዱንም ሳይጀምር ይቀራል። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል።

የአዳም ረታ ሥራዎች ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ደራሲው ከእንጀራ ዓይኖች ተነሥቶ «ሕጽናዊነት» ባለው አጻጻፍ ታሪኮቹ ይቆራረጣሉ፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ የግርጌ ማስታወሻውም ራሱን የቻለ ታሪክ ይይዛል። ይህን የሚወድ አንባቢ አጥብቆ ይወደዋል። ቀጥ ያለ ሴራ ለለመደ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ወፍራሙን ልብ ወለድ መስጠት ግን ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ ማስጣል ነው፤ ከአጭር ልብ ወለዶቹ ማስጀመር ይሻላል። በተቃራኒው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» መጽሐፍ ጨርሰው የማያውቁ ወጣቶችን ያስጨረሰ ሥራ ነው። የስለላ ታሪክ፣ የጣና ገዳማትና የሳይንስ ሕልም ተደባልቀውበት በፍጥነት ይሮጣል። የገጸ ባሕርይን ውስጥ ዝግ ብሎ የሚፈትሽ ልብ ወለድ ለሚፈልግ ሰው ግን የሚመከር አይደለም። «ራማቶሓራ» ተከታዩ መሆኑንም መናገር ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉን ሳያውቅ ከሁለተኛው የጀመረ አንባቢ ደራሲውን ያለጥፋቱ ይኮንናል።

ታሪኩን ምን ያህል መናገር ይቻላል? የመጀመሪያው ሲሶ ላይ ማቆም ጥሩ ልክ ነው፤ በ300 ገጽ መጽሐፍ እስከ 100ኛው ገጽ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በሴራ ሳይሆን በጠባይ ይገለጻል፦ መሃሉ ይንዛዛል ወይ? መጨረሻው ተቻኩሏል ወይ? ቋንቋው የአንድ አካባቢ ዘይቤ የበዛበት ነው? ተራኪው ማነው? ጦርነት፣ አስገድዶ መድፈር ወይም የሕፃን ሞት ካለበት ሳያፍሩ አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ሐዘን ላይ ላለ ሰው የተሳሳተ መጽሐፍ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ጥቅስ የሚጠቅስ ሰው ደግሞ ከገጹ ቁጥር ይልቅ ምዕራፉን ቢናገር ይሻላል፤ ገጽ ከኅትመት ኅትመት ይለያያል።

ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። የጸሐፊውና የአንባቢው ዓለም ጠባብ ስለሆነ ደራሲው የአስተያየት ሰጪው ወዳጅ፣ መምህር ወይም የወዳጅ ወዳጅ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ነቀፋው በሽፋን ይመጣል፣ የለመደ ጆሮም ሽፋኑን ይገልጠዋል። «ቋንቋው ውብ ነው» ብቻ ከተባለ ታሪኩ አልተወደደም። «ጥሩ ጅምር ነው» የሚባለው ለሦስተኛ መጽሐፍ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። «ደራሲው ብዙ ደክሟል» ደግሞ አንባቢውም እንደደከመ ይጠቁማል። በኋላ ሽፋን ላይ የሚታተም የታዋቂ ሰው ምስጋና እና በምርቃት መድረክ የሚደረግ ንግግር የዚሁ ዘመድ ናቸው፤ ለመግዛት ከመወሰን በፊት ከምርቃቱ ሁለት ወር በኋላ የሚወራውን መስማት ይበልጥ ያስተማምናል።

የንባብ ቡድን

በአደባባይ ከሚደረጉ ውይይቶች የሚታወቀው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ በተለምዶ ወመዘክር በሚባለው ተቋም አዳራሽ፣ ሚዩዚክ ሜይዴይ ኢትዮጵያ ለዓመታት ያካሄደው የእሁድ ከሰዓት መድረክ ነው። እዚያ አንድ አቅራቢ መነሻ ጽሑፍ ያነባል፣ ከዚያ ቤቱ ክፍት ይሆናል። ከዚህ ውጭ በየቢሮው፣ በየካምፓሱና በየካፌው ትንንሽ ቡድኖች አሉ። አብዛኞቹ የሚፈርሱት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ስብሰባ ነው፤ ምክንያቱም ከሐሳብ ልዩነት ይልቅ የሒሳብ ስህተት ነው።

ሥራ ያለው ሰው በቀን 25 ገጽ ቢያነብ 300 ገጽ በ12 ቀን ይጨርሳል። አንድ ቅጂ ለሦስት ሰው ከሆነ 36 ቀን ይፈጃል። ቡድኑ በየወሩ የሚገናኝ ከሆነ ሦስተኛው ሰው ሳይጨርስ ይመጣል፣ ቀጥሎም አፍሮ ይቀራል። አንድ ቅጂ ለሁለት ሰው ቢመደብ በ24 ቀን ያልቃል። ርዕሱ ከስብሰባው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ መወሰኑ፣ መጽሐፉም ገበያ ላይ መኖሩ ከመመረጡ በፊት መረጋገጡ ግድ ነው። ታትሞ ያለቀ መጽሐፍ መርጦ አባላቱን በየአዟሪው ማንከራተት ደጋግሞ የሚፈጸም ጥፋት ነው። የሰው ብዛት ከ8 እስከ 12 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ያላነበበው መደበቂያ ያገኛል።

በሁለት ሰዓት ስብሰባ አቅራቢው ከ20 ደቂቃ በላይ መውሰድ የለበትም። የተለመደው ጉድለት አቅራቢው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሶ መተረኩ ነው፤ ያነበበው ይሰለቻል፣ ያላነበበው ያነበበ ይመስለዋል። ማስወገጃው አቅራቢው ሦስት ጥያቄ ብቻ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው፦ ለምሳሌ «ታሪኩ በሌላኛዋ ገጸ ባሕርይ አንደበት ቢነገር ምን ይጎድል ነበር?» ዓይነት። ሁለተኛው ጉድለት ማይክሮፎን ጨብጦ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚወስድ ተሳታፊ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ፣ ሁሉም ሳይዳረስ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ይህ ደንብ ለታላቅም ለታናሽም እኩል ካልሠራ አይጸናም። ደራሲው ከተጋበዘ መጨረሻ ላይ ይናገር። መጀመሪያ ሐሳቡን ካብራራ ቤቱ በሙሉ የእሱን ንባብ ይደግማል።

ገጸ ባሕርይን እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ዳኝቶ መሄድም አለ፦ «ጥፋተኛዋ እሷ ናት»፣ «እናቱን መስማት ነበረበት»። መጀመሪያ ላይ ጨዋታውን ያሟሙቀዋል፤ አወያዩ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ደራሲው እንዲህ እንድንፈርድ ምን አድርጎ ነው የጻፈው?» ብሎ ካልመለሰው ውይይቱ ከመጽሐፉ ወጥቶ ይቀራል።

በስልክ ላይ

ቴሌግራምና ፌስቡክ አስተያየቱን አብዝተውታል፤ ፍለጋውን ግን አላቀለሉትም። አንዱ «ሐዲስ»፣ ሌላው «ሀዲስ»፤ አንዱ «በዓሉ»፣ ሌላው «በአሉ» ብሎ ስለሚጽፍ አንድ ርዕስ ሲፈለግ ቢያንስ በሁለት አጻጻፍ መሞከር ያስፈልጋል። ጉድሪድስ በተባለው የመጻሕፍት አስተያየት ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የደራሲዎቹ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ የአንድ መጽሐፍ አስተያየት በሁለትና በሦስት ገጽ ተበትኖ ሊገኝ ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል፦ ፍቅር እስከ መቃብር የታተመበት 1958 የእኛ ነው። ዓ.ም. ሳይጠቀስ ወደ ጉድሪድስ ሲገባ ልብ ወለዱ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጃል።

ሌላው ነገር ከመጽሐፍ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ስለዚህ ያለ ፈቃድ የሚዘዋወሩት የዘመኑ ልብ ወለዶች ሕገ ወጥ ናቸው። ከሕጉ ሌላ ለአስተያየትም ጠንቅ አለው። በስልክ ካሜራ የተነሣ ቅጂ መስመሩ ጠርዝ ላይ ይቆረጣል፣ ገጽ ይዘለላል፣ አንዳንዴ የመጨረሻው ምዕራፍ ጨርሶ የለም። «መጨረሻው ተንጠልጥሎ ቀረ» የሚል ነቀፋ ሲበዛ ነቃፊዎቹ ያነበቡት የቱን ቅጂ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሀገር ውጭ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በአውሮፓና በእስራኤል ያሉ አንባቢዎች አዲስ መጽሐፍ የሚያገኙት በሀበሻ ሱቆች ወይም በመንገደኛ ሻንጣ ነው። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ከሆነና የ300 ገጽ መጽሐፍ 400 ግራም ያህል ከመዘነ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጋፍቶ ቦታ የሚያገኘው አምስት ወይም ስድስት ቅጂ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለ አንባቢ ከማዘዙ በፊት አጥብቆ ይጠይቃል፤ የላኪው ምክርም ይበልጥ ይጠነቀቃል። ኦሮማይ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሟልና፣ አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ ልጆቻቸው ያንን የሚሰጡ ወላጆችም አሉ። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ዘንድ ደግሞ ትረካ ይመረጣል፤ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መሥራት ይቻላልና። ለእነሱ የሚመከር ልብ ወለድ ሲመረጥ የተራኪው ድምፅ ከደራሲው ስም እኩል ይጠየቃል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመትም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ሥራ መሃል ሲጠሩ የተቋረጠበትን ቦታ መልሶ ማግኘት የሚቀለው ክፍሎቹ አጫጭር ሲሆኑ ነው።