ከውጭ የሚገባ ፍራፍሬና አትክልት የድንበር ቁጥጥር፦ ከቦሌና ከሞያሌ እስከ ፒያሳ

ፒያሳና ካዛንቺስ በየፍራፍሬ ቤቱ ተደርድሮ የምናየው ፖም አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁለት መሥሪያ ቤቶች ያዩታል። ጉምሩክ ቀረጡን ይመለከታል፣ የዕፅዋት ኳራንታይን ባለሙያ ደግሞ ከፍሬው ጋር ተባይ ወይም በሽታ አብሮ አለመግባቱን። ሁለተኛው ቁጥጥር ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ጭነት ሲያዝ ብቻ ነው።

የሥራው ሕጋዊ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56 እና እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የዕፅዋት ኳራንታይን ደንብ ቁጥር 4 ነው። ቁጥጥሩን ዛሬ የሚያካሂደው በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው።

ዋናው ሥራ የሚያልቀው ጭነቱ ገና ሳይነሳ ነው። አስመጪው በቅድሚያ የማስገቢያ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱ የትኛው ተባይ እንደማይፈለግና ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚጠየቅ ይገልጻል፤ ስለዚህ ወደ ሻጩ መላክ አለበት። የላኪው አገር የዕፅዋት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያንን አይቶ፣ ምርቱን መርምሮ፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይሰጣል። ሰርተፍኬቱ ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የበቀለበት አገር፣ መጠኑና የተደረገለት ሕክምና ይሰፍራል። ጭነት የሚያስይዙት ስህተቶች ጥቃቅን ናቸው፦ የካርቶኑ ቁጥር ከማሸጊያ ዝርዝሩ ጋር አይገጥምም፣ በፈቃዱ የተጠየቀው ተጨማሪ ማረጋገጫ ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይም ከኦሪጅናሉ ይልቅ ኮፒ ይቀርባል። ትራንዚተሩ (የአስመጪው የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) የሰርተፍኬቱን ረቂቅ ጭነቱ ሳይነሳ አስልኮ ቢያነበው ከእነዚህ ስህተቶች አብዛኞቹ አይፈጠሩም።

ጭነቱ ሲደርስ ባለሙያው በር ላይ ካለው ካርቶን ብቻ አይወስድም፤ ካርቶኖቹ ከተደረደሩበት የእንጨት መደብ (ፓሌት) መሐልና ሥርም ያወጣል። ስንት ፍሬ ይታይ ለሚለው ዓለም አቀፉ የናሙና መመሪያ መልስ አለው። ከ100 ፍሬ 5ቱ ተባይ ቢኖርባቸው በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማግኘት 59 ፍሬ ማየት ይበቃል፤ ከ100 አንዱ ብቻ ከሆነ ግን 299 ያስፈልጋል። ፖም ሲሆን በማጉያ መነጽር ከላይ ዘንጉ የወጣበት ጎድጓዳ፣ ከታች አበባው የረገፈበት ጫፍ ይታያል። ነጭ ሰም የለበሱ ተባዮችና ቅርፊታም ነፍሳት የሚደበቁት እዚያ ነው። ቀዳዳና የትል ኩስ የተገኘበት ፍሬ ይቆረጣል። የፓሌቱ እንጨትም ይታያል፤ መሐሉ 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየቱን ወይም በጋዝ መታጠኑን የሚያሳይ ማህተም ሊኖረው ይገባል።

ባለፉት ዓመታት የተለወጠው በይበልጥ የወረቀቱ መንገድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት የፈቃድ ጥያቄን ከየቢሮው ደጅ ወደ ኮምፒውተር አመጣው። በሞያሌ የተከፈተው የጋራ የድንበር ኬላ ደግሞ የኢትዮጵያንና የኬንያን ሠራተኞች አንድ ቦታ አገናኝቷል። ጉምሩክም ጭነትን በስጋት ደረጃ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብሎ ይለያል። እዚህ ላይ ብዙ አስመጪ ይሳሳታል፦ ከጉምሩክ አረንጓዴ ማግኘት ከኳራንታይን ምርመራ ነጻ አያደርግም።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በሚገቡ እንደ ቲማቲምና ወይን ባሉ ምርቶች ላይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ልትጀምረው የነበረውን የድንበር ፍተሻ ሰርዛለች። ይህን አይቶ እኛም እናቅልል ማለት ግን አደገኛ ነው። ነጭ የማንጎ ቅርፊታም ነፍሳት በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነው፣ የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪው ቱታ አብሶሉታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ። ሁለቱም ገበሬውን እስከ ዛሬ ያስለቅሳሉ።

የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ የቆየ ፖም ሞቃት አየር ላይ ሲከፈት ያልበዋል፤ ካርቶኑ ይርሳል፣ ሻጋታ ይነሳል። ሙዝ በአንጻሩ ከ13 ዲግሪ በታች ከቆየ ልጣጩ ይጠቁራል፤ ይህን ጉዳት በሽታ ነው ብሎ መያዝ ስህተት ነው። ናሙና በቀዝቃዛ ክፍል ወይም በማለዳ መውሰድ፣ በሩንም ወዲያው መዝጋት ይገባል። በፀሐይ የባከነችው እያንዳንዷ ሰዓት ከቸርቻሪው ኪስ ትወጣለች። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ የመሐል ከተማው ነጋዴ የትራንስፖርት ወጪም ተጨምሮበታል።

ተባይ የተገኘበት ጭነት እንደ ተባዩ ዓይነት ይታከማል፣ ይመለሳል ወይም ይወገዳል፤ ወጪው የአስመጪው ነው። ለመብል የመጣ ፍሬ አዲስ አበባ መሐል ተበልቶ ስለሚያልቅ ስጋቱ ከችግኝ ያነሰ ነው። ችግኝና ለመትከያ የሚሆን ቁራጭ ግን ተባዩን በቀጥታ ወደ መቂ የአትክልት ማሳ ወይም ወደ ጨንቻ የፖም ጓሮ ያደርሳል። ስለዚህ በሻንጣው ችግኝ ይዞ ቦሌ የሚወርድ መንገደኛም እንደ አስመጪው ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት፣ ሲደርስም ለኳራንታይን ባለሙያው ማሳየት አለበት።