የእንስሳት ደኅንነት ቁጥጥር በሆሊዉድ የፊልም ቀረጻ

የእንስሳት ደኅንነት ቁጥጥር ማለት ለካሜራ የሚቀርቡ ፈረሶች፣ ውሾች፣ ወፎችና ሌሎች ፍጥረታት ለትዕይንት ሲባል እንዳይሠቃዩና እንዳይሞቱ በፊልም ቀረጻ ቦታ የሚደረግ ክትትል ነው። በዚህ ሥራ ረጅም ታሪክ ያለው አሜሪካን ሂውሜን አሶሲየሽን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በፊልም ማብቂያ ላይ የሠራተኞች ስም ሲያልፍ የሚታየውን «ምንም እንስሳ አልተጎዳም» የሚል የምስክር ቃል የሚሰጠውም የሚነፍገውም እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድርጅቱ በ1877 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ሲመሠረት ሲኒማ ገና አልተፈጠረም ነበር። ያሳሰበው በባቡር ታጭቀው ወደ ቄራ የሚጓዙ ከብቶች ጉዳይ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሕፃናትን መብትም ጨመረበት። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ስለ ሞቱ እንስሳት የተያዘው መዝገብ ስስ ነው። በ1925 ለእይታ በበቃው «ቤን ኸር» የሠረገላ ውድድር አልቀዋል የሚባሉት ፈረሶች ቁጥር እንኳ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ አንዳንዱ መቶ ያደርሰዋል፣ አንዳንዱም ከዚያ ያሳልፈዋል።

ጉዳዩ አደባባይ የወጣው በ1930ዎቹ፣ የካውቦይና የጦርነት ፊልም ገበያ በደራበት ጊዜ ነው። ዳይሬክተሮች በጥይት የተመታ ፈረስ በአፍንጫው ሲደፋ ማሳየት ይፈልጉ ነበር፤ ያልሠለጠነ ፈረስ ደግሞ በትእዛዝ አይወድቅም። መላ ሆኖ የተገኘው «ረኒንግ ደብሊው» የተባለው ወጥመድ ነው። ከፈረሱ የፊት ሰኮናዎች ከፍ ብሎ ማሰሪያ ይታሰራል። ከማሰሪያው የሚነሣው ሽቦ፣ ኮርቻውን በሆድ በኩል በሚይዘው ጠፍር ላይ ባለ ቀለበት ውስጥ አልፎ፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ካስማ ጋር ይያያዛል። ፈረሱ ሽምጥ ሲጋልብ ሽቦው በድንገት ይወጠርና ሁለቱ የፊት እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከሥሩ ይነጠቃሉ። ጋላቢው የሚወድቅበትን ስፍራ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ይዘጋጃል፤ ፈረሱ የሚያውቀው ነገር የለም። በዚህ ዘዴ ስመ ጥር የነበረው የአደገኛ ትዕይንቶች ባለሙያ ያኪማ ካነት 300 ያህል ጊዜ ሠርቶት አንድም ፈረስ እንዳላሰናከለ ተናግሯል። ሊሆን ይችላል፤ ሽቦውን የሚዘረጋው ሁሉ ግን ካነት አልነበረም።

በ1936 ማይክል ከርቲዝ ባዘጋጀው «የቀላል ብርጌድ ጥቃት» በተሰኘው ፊልም የፈረሰኛ ጦር ሲገሰግስ በሚታይበት ትዕይንት ይኸው ሽቦ በጅምላ ተዘረጋ። በብዛት የሚጠቀሰው አኀዝ 125 ፈረሶች ተጠልፈው 25ቱ እንደ ሞቱ ወይም ከጉዳታቸው የተነሣ እንደ ተገደሉ ይገልጻል፤ ቁጥሩን የሚጠራጠሩ ቢኖሩም ብዙ ፈረስ ማለቁን የሚክድ የለም። የፊልሙ መሪ ተዋናይ ኤሮል ፍሊን ራሱ በድርጊቱ መቆጣቱን ገልጿል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1937፣ እንግሊዝ እንስሳ ተሠቃይቶ የተሠራበትን ትዕይንት ለሕዝብ ማሳየት የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ዛሬም ይሠራል፤ የአገሪቱ የፊልም መርማሪ አካል በየጊዜው ትዕይንት እያስቆረጠ የሚያስወጣው በእርሱ መሠረት ነው። አሜሪካ ግን በዚያን ጊዜ ይህን የሚመስል የፌዴራል ሕግ አልነበራትም።

ለአሜሪካ የመጨረሻው ጠብታ በ1939 የወጣው «ጄሲ ጄምስ» ነበር። በሚዙሪ ግዛት፣ የኦዛርክ ሐይቅ አጠገብ፣ አንድ ፈረስ ከነጋላቢው በሚያንሸራትት ተዳፋት መድረክ ላይ እንዲቆም ተደርጎ ከ20 ሜትር በላይ ከሚሆን ገደል ወደ ውኃው ተለቀቀ። ጋላቢው በሕይወት ወጣ፤ ፈረሱ ሞተ። የሞቱት ፈረሶች ሁለት ናቸው የሚሉም አሉ፤ አንዱ ውድቀት በሁለት ካሜራ ተነሥቶ ይሆናል የሚሉም አሉ። የሕዝቡ ቁጣ ግን ቁጥር እስኪጣራ አልጠበቀም።

በ1940 አሜሪካን ሂውሜን በሎስ አንጀለስ ቢሮ ከፈተ። የፊልሞችን ግብረ ገብ ይቆጣጠር የነበረው የሄይስ ቢሮም ለድርጅቱ ትልቅ በር ከፈተለት፤ እንስሳ ያለበትን የፊልም ጽሑፍ አስቀድሞ እንዲያይና በቀረጻ ቦታ ተገኝቶ እንዲታዘብ ተፈቀደለት። የሽቦው ወጥመድ ተከለከለ። በምትኩ ጋላቢው ዛቡን በተወሰነ መንገድ ሲስብ በጎናቸው የሚተኙ ሠልጣኝ ፈረሶች መጡ፤ የሚወድቁበት መሬትም ተቆፍሮ እንዲለሰልስ ተደረገ። በ1951 ድርጅቱ ለእንስሳት ተዋንያን ሽልማት መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያውን ፍራንሲስ የተባለ በቅሎ ወሰደው፤ መድረኩን የመሩትም በዚያን ጊዜ ተዋናይ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሥልጣን የቆመው ግን በስምምነት እንጂ በሕግ ላይ አልነበረም። የሄይስ ደንብ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲዳከምና በ1968 ሲቀር፣ ታዛቢዎቹን ወደ ቀረጻ ቦታ የሚያስገባቸውም መብት አብሮ ቀረ። ለአሥራ አራት ዓመታት ያህል የሚገቡት ፕሮዲውሰሩ ሲፈቅድ ብቻ ነበር። በ1972 በ«ዘ ዶበርማን ጋንግ» መጨረሻ ላይ ታዋቂው የምስክር ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ የድርቅ ዘመን መሆኑ የድርጅቱን ጽናት ያሳያል። በሌላ በኩል ፊሊፒንስ ውስጥ በተቀረጸው በ1979ኙ «አፖካሊፕስ ናው» አንድ ጎሽ ካሜራ ፊት በእርግጥ ሲታረድ የከለከለ አልነበረም።

የማይክል ቺሚኖ «ሄቨንስ ጌት» ይህን ዘመን ዘጋው። ፊልሙ በ1979 በሞንታና ሲቀረጽ ድርጅቱ እንዳይገባ ተከለከለ። ኋላ ላይ ያቀረበው ክስ ከባድ ነው፦ ዶሮዎች በእውነት እንዲዋጉ ተደርገዋል፣ አራት ፈረሶች ሞተዋል፣ ከእነርሱም አንዱ በፈንጂ ነው። በሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ሰልፍ ተወጣ። 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ፊልም አራት ሚሊዮን እንኳ ሳያስገባ ከሰረ፤ ለኪሳራው ሌላ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም። በ1980 የተዋንያን ማኅበሩና ፕሮዲውሰሮቹ በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ ቁጥጥሩን ለአሜሪካን ሂውሜን ሰጡ።

የዛሬው አሠራር የሚመነጨው ከዚያ ስምምነት ነው። ታዛቢው ጽሑፉን ያነባል፣ ቦታውን ይፈትሻል፣ የእንስሳውን ውኃ፣ ጥላና ዕረፍት ይከታተላል። ለቀረጻ ብሎ እንስሳ መግደል ክልክል ነው፤ ለቀረጻ ሲባል ብቻ ማደንዘዝም እንዲሁ። ደንቡ ነፍሳትንም ይጨምራል። «ሾሻንክ ሪደምሽን» ሲሠራ ለቁራ የሚሰጠው ትል በራሱ ጊዜ የሞተ እንዲሆን ታዛቢው ጠይቋል እየተባለ እስካሁን ይወራል፤ የሚስቁበት ብዙ ቢሆኑም፣ መስመሩ ከትል ላይ ከተሰመረ ፈረስ ጋ ሲደርስ አያከራክርም።

ድርጅቱ የሚነቀፍባቸው ጉዳዮች አሉ። ገንዘቡ ለረጅም ጊዜ የመጣው የተዋንያን ማኅበሩና ፕሮዲውሰሮቹ በጋራ ከሚያስተዳድሩት ፈንድ ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪው በተቆጣጠረው ኪስ ይኖራል ይባላል። በ2012 «ላክ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ሦስተኛው ፈረስ ሲሞት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት በኒውዚላንድ «ዘ ሆቢት» ሲሠራ የነበሩ እንስሳት ጠባቂዎች 27 እንስሳት ባደሩበት እርሻ ሞተዋል ሲሉ ተናገሩ፤ አዘጋጆቹ በደል መፈጸሙን ክደዋል። ድርጅቱ ሥልጣኑ ከቀረጻው ቦታ እንደማያልፍ ገለጸ፤ በፊልሙ ላይ የሰፈረው ቃልም የሚመሰክረው በካሜራ ፊት ስለተደረገው እንቅስቃሴ ብቻ ነበር። በ2013 ዘ ሆሊዉድ ሪፖርተር ባወጣው ምርመራ ደግሞ በ«ላይፍ ኦቭ ፓይ» ላይ የሠራው ነብር ሊሰምጥ ጥቂት እንደ ቀረው አንድ የታዛቢ ኢሜይል ይገልጻል፤ ፊልሙ ግን የምስክር ቃሉን አግኝቷል። ድርጅቱ ዘገባውን ሚዛን የጎደለው ብሎታል።

በሕንድ ነገሩ በመንግሥት እጅ ነው፦ በ1962 የተቋቋመው የእንስሳት ደኅንነት ቦርድ ካልፈቀደ እንስሳ ያለበት ፊልም ችግር ይገጥመዋል። በሆሊዉድ የዝንጀሮና የጦጣ ሚና አብዛኛው ወደ ኮምፒውተር ምስል ዞሯል፤ በ2011 የወጣው «የጦጣዎች ፕላኔት» አንድም እውነተኛ ጦጣ አልተጠቀመም። ፈረስና ውሻ ግን አሁንም በአካል ይቀርባሉ፤ የታዛቢዎቹ የሥራ ቀንም በብዛት የሚያልቀው ከእነርሱ ጋር ነው።