ይቅር ማለትና መታረቅ አንድ አይደሉም

«ይቅር ካልኩት እንደ ቀድሞው ልቀርበው ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚነሳ፣ ልዩነቱን ማብራራት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይቅርታ በበደለን ሰው ላይ የያዝነውን ቂምና የበቀል ፍላጎት መተው ሲሆን፣ እርቅ ግን የሁለቱንም ወገን ፈቃድና ዳግም መተማመንን ይጠይቃል። ለምሳሌ ገንዘብ ተበድሮ የካደን ወዳጅ፣ ዳግመኛ ሳናበድረው፣ ዕዳውንም በሕግ እየጠየቅነው እንኳ ከልብ ይቅር ልንለው እንችላለን።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤቨረት ዎርዚንግተን ይቅርታን በሁለት ይከፍሉታል፤ አንደኛው «አልበቀልም» ብሎ መወሰን ነው፣ ሁለተኛው ምሬቱ ቀስ በቀስ በርኅራኄ የሚተካበት የስሜት ለውጥ ነው። ብዙ ሰዎች ከወሰኑ በኋላ ቁጣው ሲመለስባቸው ይቅርታቸው ሐሰት የነበረ ይመስላቸዋል፤ ስሜት ከውሳኔ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ግን፣ በእኔ እምነት ይህ ራስን ያለ አግባብ መውቀስ ነው።

ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ይቅር ባይ የሆኑ አዋቂዎች በአማካይ ድብርትና ጭንቀት ይቀንስላቸዋል፤ በሕይወታቸውም ይበልጥ ይረካሉ። የሚፈጀው ጊዜና የሚገኘው እፎይታ ግን እንደ በደሉ ክብደትና እንደ ሰዉ ይለያያል፤ በተለይም በደሉ ገና ካላቆመ፣ ከይቅርታው በፊት ራስን ከጉዳት መጠበቅ ይቀድማል።