የመድኃኒት ጀነሪክ ስም ምንድን ነው?

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲወረድ በቸርችል ጎዳናና በአካባቢው መድኃኒት ቤቱ ብዙ ነው። የማዘዣ ወረቀት የያዘ ሰው ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ ማየት የዘወትር ነገር ነው። ባንኮኒው ጋ ደርሶ የሚጠይቀውም ይመሳሰላል፤ «ይኸ አለ?»፣ «የጀርመኑ የለም?»፣ «ኦሪጅናሉን ስጠኝ»። «የዚህ መድኃኒት ስሙ ማን ነው?» የሚል ሰው ግን እምብዛም አይገጥመኝም። እኔም አክስቴ እግራቸው እስኪያብጥ ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አክስቴ የደም ግፊት አለባቸው። ከሰፈር መድኃኒት ቤት የሚገዙትን አነስተኛ ነጭ ኪኒን ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ሲወስዱ ኖረዋል። ታዲያ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ «ይኸኛው ይሻላል» ብሎ ሌላ የግፊት መድኃኒት አመጣላቸው። እርሳቸውም አሮጌው ለግፊት፣ አዲሱ ለልብ ነው ብለው ለራሳቸው ደምድመው ሁለቱንም መውሰድ ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ፤ ጫማ እምቢ አላቸው፤ ከአልጋ ሲነሱም ያዞራቸው ጀመር። ቤተሰቡ ኩላሊት ነው ብሎ ደነገጠ።

ሁለቱን ፓኬት በፌስታል ይዤ አብረን ወደ መድኃኒት ቤት ሄድን። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት። ፓኬቶቹን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችና በአንደኛው ላይ በትልቁ ከተጻፈው ስም ሥር ያለችውን ደቃቅ መስመር በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችን። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ ሌላኛው ፓኬት አዛወረች። ሁለቱም «አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም» ይላሉ። «እማማ፣ ሁለቱ አንድ መድኃኒት ነው። እጥፍ አድርገው ነው ሲወስዱ የቆዩት» አለቻቸው፤ በዚያው ዕለትም ወደ ሐኪማቸው ላከችን። የእግር እብጠት የአምሎዲፒን የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ መጠኑ ሲጨምር እብጠቱም ይብሳል። በሐኪሙ ትእዛዝ አንዱ ሲቀር እብጠቱ ቀስ በቀስ ወረደ።

ያች ደቃቅ መስመር ናት ጀነሪክ ስም የምትባለው። አንድ መድኃኒት ቢያንስ ሁለት ስም አለው። አንደኛው የሚያክመው ንጥረ ነገር የራሱ መጠሪያ ነው፤ ማንም ያምርተው፣ የትም ይመረት አይለወጥም። ሁለተኛው አምራቹ ለገበያ ብሎ የሚያወጣለት የንግድ ስም ነው፤ ፓኬቱ ላይ ጎልቶ የሚታየውም እሱ ነው። ኢቡፕሮፌን ጀነሪክ ስም ነው፤ አድቪልና ብሩፈን የንግድ ስሞቹ ናቸው። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚን ጀነሪክ ስም ነው፤ ግሉኮፋጅ የንግድ ስም።

ሱቅ ሄደን «ኦሞ ስጠኝ» ስንል ባለሱቁ የትኛውንም የዱቄት ሳሙና ቢያቀብለን አንቆጣም። ባዶ የውኃ ጠርሙስም ሁሉ «ሃይላንድ» ነው። የአንድ ምርት ስም የብዙ ዕቃ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ ጉዳትም የለውም። በመድኃኒት ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንዱ ንጥረ ነገር ብዙ የንግድ ስም ተሸክሞ ይመጣና እኛ ብዙ መድኃኒት ይመስለናል።

ጀነሪክ ስም በዘፈቀደ አይወጣም። አንዱ ንጥረ ነገር በየአገሩ በተለያየ ስም እየተጠራ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም እንዳይደናገሩ፣ የዓለም ጤና ጉባኤ በ1950 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ዓለም አቀፍ ስም እንዲሰጥ ወሰነ፤ ሥራው በ1953 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። እስከ ዛሬ የሚያከናውነው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ስሙ የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ማንም ኩባንያ የግሌ ነው ሊለው አይችልም። የአገራችን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም የተዘጋጀው በጀነሪክ ስም ነው።

ከዚህ ሥርዓት የወጡ ጥቂት ስሞች አሉ፤ አንዱ ደግሞ በየቤታችን የሚገኝ ነው። ሌላው ዓለም ፓራሲታሞል የሚለውን አሜሪካውያን አሴታሚኖፈን ይሉታል። ስለዚህ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው ታይሌኖልና እዚህ የተገዛው ፓናዶል አንድ ነገር ናቸው። ጉንፋን የያዘው ሰው ለራስ ምታቱ ፓናዶል ይውጣል፤ ትኩሳቱ አልወርድ ሲለው ታይሌኖል ይጨምራል፤ ማታ ደግሞ የጉንፋን መድኃኒት ይደርብበታል፤ በብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ያው ፓራሲታሞል አለ። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ኪኒን ማለፍ የለበትም። ሲያልፍ የሚጎዳው ጉበት ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ላይታወቅ ይችላል። ሦስት የንግድ ስም ያየ ሰው ሦስት መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል፤ ጉበቱ ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

የጀነሪክ ስም መጨረሻ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ እንደ ቤተሰብ ስም ነው። እንደ ኦሜፕራዞል በ«ፕራዞል» የሚያልቁት በአብዛኛው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ ናቸው። እንደ ኢናላፕሪል በ«ፕሪል» የሚያልቁት የግፊት መድኃኒቶች ደረቅ ሳል ሊያመጡ ይችላሉ፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሳሉን ብርድ ነው እያለ ለወራት ሽሮፕ ሊጠጣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን «ሲሊን» ነው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ናቸው። ፔኒሲሊን አለርጂ የሆነበት ሰው ይህን ለሐኪሙና ለፋርማሲስቱ ሳይናገር ከነዚህ አንዱንም መውሰድ የለበትም። ኦግመንቲን በሚለው የንግድ ስም ውስጥ «ሲሊን» አይታይም። ከሥሩ ያለው መስመር ሲነበብ ግን አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር መሆኑ ይገኛል። እንዲህ ላለው ሰው ያችን መስመር መዝለል ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

አሁን ወደ «ኦሪጅናሉን ስጠኝ» ልመለስ፤ ኪሳችንን የሚያራቁተው እዚህ ላይ ነውና። አዲስ መድኃኒት የፈለሰፈ ኩባንያ በፓተንት ይጠበቃል፤ የተለመደው ጊዜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። ጥበቃው ባለበት አገር ያለ ኩባንያው ፈቃድ ማንም አያመርተውም፤ ኩባንያውም ለምርምሩ ያወጣውን ከነትርፉ ይሰበስባል። ጊዜው ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ ንጥረ ነገር ማምረት ይችላሉ፤ እንዲህ የሚመረተው ጀነሪክ መድኃኒት ይባላል። ምርምሩን ከሥር አይጀምሩትም፤ የሚጠበቅባቸው መድኃኒታቸው ከመጀመሪያው ጋር በተቀራራቢ ፍጥነትና መጠን ደም ውስጥ እንደሚገባ ማሳየት ነው። ዋጋው የሚቀንሰው በዚህና በፉክክሩ ምክንያት እንጂ ንጥረ ነገሩ ስለሳሳ አይደለም። ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ጣዕሙና ማያያዣው ሊለይ ይችላል፤ የሚያድነው ነገር ግን ያው ነው። በአሜሪካ ራሷ ከሚታዘዙት 10 መድኃኒቶች 9ኙ ያህል የሚሰጡት በጀነሪክ ነው። እዚህ ግን እንደ ድሃ መድኃኒት ይቆጠራል። በከነማ ወይም በቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት በአነስተኛ ዋጋ ሊገኝ የሚችለውን አምሎዲፒን ትቶ፣ ከጡረታ ገንዘቡ ቀንሶ «የውጭውን» ሲያፈላልግ የሚውል አዛውንት ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጀነሪክ ማለት ፎርጅድ ማለት አይደለም። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲነገሩ ስለምሰማ ነው ይህን የማነሳው። ጀነሪክ በሕግ የተመረተ፣ ተመርምሮ የሚመዘገብ መድኃኒት ነው፤ ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን የሚሠራበትም ሕግ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ፎርጅድ ደግሞ ስሙንም ፓኬቱንም አስመስሎ የተሠራ ማታለያ ነው። አስመሳዮቹ ይበልጥ የሚጓጉትም ውድ ለሆነውና ስሙ ለገነነው ነው፤ ስለዚህ በመንገድ ዳር፣ በሻንጣ ወይም በቴሌግራም «ኦሪጅናል» እየተባለ የሚቀርበው ከመደበኛው መድኃኒት ቤት ጀነሪክ ይልቅ ያስፈራኛል። የተጠራጠረ ሰው ለባለሥልጣኑ በ8482 ነፃ የስልክ መስመር ማሳወቅ ይችላል።

ስሙ አንድ ነው ብሎ በራስ ፈቃድ መቀያየር የማይገባባቸው መድኃኒቶች መኖራቸውንም አልደብቅም። ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ፌኒቶይን፣ ለእንቅርት ሕመምተኞች የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን መጠናቸው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል እንኳ ሰውነት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በእነዚህ አንድ አምራች የለመደ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ባይለውጥ ይመረጣል። ደግሞም ስሙ አንድ ሆኖ አንዱ ኪኒን ቶሎ የሚሟሟ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስሙ ጋር ሚሊግራሙና ዓይነቱ አብረው ይጠየቃሉ።

ይህ ሁሉ ለኪኒን ብቻ አይደለም። በፒያሳ የመዋቢያ ሱቆች ፊት የሚያጠራ ተብሎ የሚሸጥ ቅባት የገዛ ሰው ቱቦውን ገልብጦ ቢያነብ «ክሎቤታሶል» የሚል ቃል ሊያገኝ ይችላል። ክሎቤታሶል ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲቆም ደግሞ ያቃጥላል። የንግድ ስሙ ስለ ውበት ያወራል፤ ጀነሪክ ስሙ እውነቱን ይናገራል። በውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም ጽሑፉም የማይነግሩን «ስኳር የሚያጠፋ» ዱቄት ወይም «ቦርጭ የሚያቀልጥ» ሻይ ከሆነ ግን እኔ በበኩሌ እጄን አልዘረጋም።

ፓኬቱን በእጃችን ከያዝን አይቀር፣ ቀኑንም እንየው። ማብቂያው 06/2026 የሚል ከሆነ 6 የእኛ የካቲት፣ 2026ም የእኛ ዓመት አይደለም። የፈረንጆቹ ጁን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ብቻ ነው። በእኛ ዘመን ያነበበው ሰው ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

አክስቴ የላቲን ፊደል አያነቡም። ያን ዕለት ፋርማሲስቷ ከፓኬቱ ክዳን ቁራጭ ቀድዳ «አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ ጠዋት 1» ብላ በአማርኛ ጻፈችላቸው። ቁራጯ በቦርሳቸው ከመታወቂያቸው ጋር ተጣጥፋ ትኖራለች። ባለፈው ወር መድኃኒታቸውን ሊገዙ አብረን ስንሄድ ፓኬቱ ቀለሙን ለውጦ መጣ፤ ስሙም ሌላ ነው። ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት ቁራጯን አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጓትና ሻጩን «ልጄ፣ ይኸ ስም እዚህ ላይ የቱ ጋ ነው የተጻፈው? በጣትህ አሳየኝ» አሉት።