«ልጄ ስልክ የለውም» እና ሌሎች ወላጆችን የሚያዘናጉ አባባሎች

የአንደኛ ደረጃ ልጆችና ኢንተርኔት ሲነሳ ወላጅ ሁሉ የተዘጋጀ መልስ አለው። አንዱ «የኔ ገና ሕፃን ነው» ይላል። ሌላው «ስልክ አላስነካውም» ይላል። ሦስተኛው «እሱማ ከኔ በላይ ያውቃል» ብሎ ይስቃል። መልሶቹ የወላጁን ልብ ያሳርፋሉ፤ ለልጁ ግን የሚፈይዱለት ነገር የለም። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ስላሉ ልጆች ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ልጄ የራሱ ስልክ ስለሌለው ኢንተርኔት አይጠቀምም»

የራሱ የለውም። የእናቱ ግን አለ፣ የአባቱ አለ፣ የአክስቱ አለ። እራት እስኪደርስ ዝም እንዲል የሚሰጠው ስልክ የማንም ይሁን የማን፣ ኢንተርኔቱ ያው ነው።

እንዲያውም በሰው ስልክ የሚጠቀም ልጅ የባሰ የተጋለጠ ነው ባይ ነኝ። እጁ የሚገባው ስልክ ለአዋቂ የተዘጋጀ ነዋ። ዩቲዩቡ የተከፈተው በአባትየው አካውንት ነው። ካርቱኑ ሲያልቅ ቀጥሎ የሚመጣው አባትየው ማታ ማታ የሚያየው ዓይነት ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። ቴሌግራሙ ውስጥ የእድሩም፣ የሥራውም፣ የዘመዱም ግሩፕ አለ። አንዱ ግሩፕ ላይ የለቀቀው የመኪና አደጋ ፎቶ በራሱ ጊዜ ጋለሪ ውስጥ ገብቶ ከልደት ፎቶዎች አጠገብ ይቀመጣል። ልጁ የልደቱን ፎቶ ሊያይ ሲገባ የሚያገኘው እሱን ነው። ማንም አላሳሳተውም፣ እሱም ያጠፋው ጥፋት የለም።

ይሄኛው በአሥር ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለው ጋ ገብቶ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ጋለሪ እንዳይገባ ማጥፋት ይቻላል። ዩቲዩብ ላይ «ሪስትሪክትድ ሞድ» የሚለውን ማብራት፣ ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስጀምረውን «አውቶፕሌይ»ን ደግሞ ማጥፋት። ሪስትሪክትድ ሞድ ሁሉንም ነገር ያጣራል ማለት አይደለም፤ በተለይ በአማርኛ የሚጫኑ ቪዲዮዎች ላይ ብዙም አልመካበትም። ግን ከምንም ይሻላል።

ከሁሉም የምወደው ግን ሌላ ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ «አፕ ፒኒንግ» የሚባል ነገር አለ፤ አይፎን ላይ «ጋይድድ አክሰስ» ይባላል። ካርቱኑን ከፍተው ስልኩን እዚያ መተግበሪያ ላይ ይቆልፉታል። ሲወጣ ፒን ቁጥር እንዲጠይቅ ካደረጉት፣ ልጁ ያለ ፒን ቁጥር ወደ ቴሌብር፣ ወደ ቴሌግራም፣ ወደ ጋለሪ መሄድ አይችልም። ስልክ ከማቀበል በፊት ይቺን ብቻ ማድረግ ብዙ ጣጣ ታስቀራለች።

«ልጆች ከእኛ በላይ ያውቃሉ»

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል ያደግን ሰዎች፣ ዛሬ ስልክ ሲበላሽብን «እስቲ አስተካክልልኝ» ብለን የምንሰጠው ለ9 ዓመት ልጅ ነው። እውነትም ጣታቸው ፈጣን ነው። የት ተነክቶ ምን እንደሚከፈት ያውቃሉ። የማያውቁት ሰው ለምን እንደሚዋሽ ነው። እሱን ደግሞ ከስልክ አይማሩትም።

አንድ የተለመደ ማጭበርበር እንይ። እናት ወጥ ቤት ነች። ስልኳ ልጇ እጅ ነው። ከአክስት ቴሌግራም መልእክት ይገባል፦ «ሰላም ነው? ልጄ የሥዕል ውድድር ገብታለች፣ እስቲ በዚህ ሊንክ ገብታችሁ ምረጡልኝ»። ልጁ የአክስቱን ፎቶ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ሊንኩን ይነካል። የሚከፈተው ገጽ የእናቱን ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ያስገባል። ወዲያው ቴሌግራም ባለ 5 አሃዝ ኮድ ይልካል። ገጹ «ኮዱን አስገባ» ይላል። ያስገባል። አለቀ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ የእናትየው አካውንት ለዘመድ አዝማድ ሁሉ «ድንገት ቸግሮኝ ነው፣ 5 ሺህ ብር ቶሎ ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» እያለ ይጽፋል። አክስትዬዋ ደግሞ ምንም አልጻፈችም፤ የእሷም አካውንት በዚሁ መንገድ የተወሰደ ነው።

ይህ ልጅ ፍጥነት አልጎደለውም። የጎደለው አንድ ሕግ ነው፦ ስልኩ ላይ የቁጥር ኮድ ከመጣ ኮዱ ለማንም አይነገርም፣ የትም አይጻፍም፣ ስልኩ ወዲያው ለባለቤቱ ይሰጣል። ለአክስትም፣ ለመምህርም፣ «ከባንክ ነው» ለሚልም ያው ነው። የ1ኛ ክፍል ልጅ ይህን በደንብ ይይዛል። ወላጅ ደግሞ ቴሌግራሙ ላይ ከኮዱ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ማብራት አለበት። እሱ ካለ ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ የይለፍ ቃሉን ካላወቀ አይገባም። ያንንም በማታለያ ገጽ ሊጠይቅ ይችላል፣ ስለዚህ የልጁ ሕግ የይለፍ ቃልንም ይጨምር።

«ካርቱን ከሆነ ችግር የለውም»

በፈረንጆቹ 2017 ብዙ ጋዜጦች የጻፉበት ጉዳይ ነበር። ኤልሳን፣ ስፓይደርማንንና ፔፓ ፒግን የመሳሰሉ ልጆች የሚያውቋቸው ገጸ ባሕርያት ደም፣ መርፌና ብልግና ባለባቸው ቪዲዮዎች ውስጥ ገብተው ዩቲዩብ ላይ ይታዩ ነበር። አንዳንዶቹ ለልጆች ወደተዘጋጀው ዩቲዩብ ኪድስም ሾልከው ገቡ። ዩቲዩብ ብዙ ቻናሎችን ዘጋ። በ2019 ደግሞ በሌላ ጉዳይ፣ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰብ፣ ጎግልና ዩቲዩብ አሜሪካ ውስጥ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የልጅ መልክ ያለው ነገር ሁሉ ለልጅ የተሠራ አይደለም። ድምፁን ከሳሎን እየሰሙ ምስሉን አለማየት አያዋጣም።

«አደጋው ያለው ከማያውቀው ሰው ነው»

«ከማታውቀው ሰው ጋር አታውራ» የሚለው ምክር ለመንገድ ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን ልጁ ሰውዬውን «የማላውቀው» ብሎ አይቆጥረውም። ለሳምንት ፍሪ ፋየር የሚባለውን የስልክ ጨዋታ አብረው ከተጫወቱ ጓደኛው ነው። ስሙን ያውቃል (የጨዋታ ስሙን ማለቴ ነው)፣ ድምፁን ሰምቷል፣ አብረው አሸንፈዋል። በዚያ ላይ ልጅን የሚጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ነው።

ስለዚህ ልጁ ማንነቱን ሳይሆን አካሄዱን እንዲያይ ብናስተምረው ይሻላል። አካሄዱ ደግሞ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ምስጋና፦ «ጎበዝ ነህ፣ እንዳንተ የሚጫወት አላየሁም»። ከዚያ ስጦታ፦ «ዳይመንድ ልላክልህ» (የጨዋታው ገንዘብ ነው)። ከዚያ ቦታ መቀየር፦ «እዚህ አይመችም፣ በቴሌግራም እናውራ»። ከዚያ ምስጢር፦ «ለእናትህ እንዳትነግር፣ ትቆጣለች»። ከዚያ ፎቶ። ልጁ አምስቱንም መሸምደድ የለበትም። አራተኛዋን ብቻ ትያዝለት። አንድ ሰው «ለእናትህ እንዳትነግር» ካለህ፣ በዚያች ቀን ለእናትህ የምትነግራት እሱን ነው።

«ሲያጠፋ ስልኩን መቀማት ነው»

ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄኛው ነው። ያደግንበት አስተዳደግ ነዋ። ልጅ ሲያጠፋ ይቀማል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ይገረፋል።

እስቲ በልጅቷ ቦታ ሆነን እናስበው። የ11 ዓመት ልጅ ናት። ሳትፈቅድላት የታላቅ እህቷን ስልክ ወስዳ ቲክቶክ ከፍታለች። አንድ ሰው ፎቶ ላኪ አላት፣ ላከች። አሁን «ሌላ ካልላክሽ ይህንን ለእናትሽ አሳያለሁ» እያለ ያስፈራራታል። ሰውዬው በእጁ ያለው ትልቁ ዱላ ምንድን ነው? የእናቷ ቁጣ ነው። እናትየው የምትቆጣ ከሆነ ዱላው ይሠራል። ልጅቷ እናቷ እንደማትቆጣ በእርግጠኝነት ካወቀች ግን «ንገራት፣ እኔም ነግሬያታለሁ» ማለት ትችላለች። ወላጅ በተቆጣ ቁጥር ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዱላ እያቀበለ ነው።

ቃሉ ደግሞ አስቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ችግሩ ሲመጣ ጊዜ የለም። «ስልክ ላይ የሚያስፈራሽ ወይም የሚያሳፍርሽ ነገር ካየሽ ንገሪኝ። ያለ ፈቃድ ከፍተሽ እንኳ ቢሆን አልቆጣሽም» ብሎ መናገር። ከዚያ ቃልን መጠበቅ። መጀመሪያ የምታመጣው ነገር ትንሽ ነው የሚሆነው፣ ምናልባት የሚያስፈራ ቪዲዮ። በእሷ ትፈትናችኋለች። «ማን ክፈቺ አለሽ!» ካላችሁ ትልቁን ነገር አትሰሙትም።

ስትናገር የሚደረገውም መታወቅ አለበት። መልእክቶቹ አይጥፉ። የሰውዬውን ስም፣ ዩዘርኔምና የጻፈውን ስክሪንሾት አንስቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ብሎክ ማድረግና ለመተግበሪያው ሪፖርት ማድረግ። ፎቶ አይጨመር፣ ገንዘብም አይላክ፤ የከፈለ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ወደ ፖሊስ መሄድ ይቻላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሕፃናትን የወሲብ ምስል መሥራትን፣ ማሰራጨትንና መያዝን፣ ሕፃናትን ለእንዲህ ያለ ነገር ማባበልንም በወንጀል ያስቀጣል። ለዚህም ነው እንዲህ ያለ ፎቶ «ለማስረጃ» ተብሎ ለዘመድ ፎርዋርድ የማይደረገው።

ምስሉ እንዳይዛመት «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። አሜሪካ ያለ የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ማዕከል ነው በፈረንጆቹ 2023 የጀመረው። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም። ስልኩ ላይ እንዳለ ከፎቶው የቁጥር አሻራ ይሠራና ያ አሻራ ብቻ ይላካል። እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉት ተባባሪዎች በአሻራው ፈልገው ያነሱታል። ሁሉም መተግበሪያ አልገባበትም፣ በቴሌግራም የግል መልእክት የሚዞረውን አያስቆምም። ቢሆንም መሞከር ነው።

«ዕድሜውን ጨምረን አካውንት ብንከፍትለት ምን አለበት?»

13 ዓመት የሚለው ገደብ የመጣው አሜሪካ በፈረንጆቹ 1998 ካወጣችው የሕፃናት የኢንተርኔት መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው። ስለ ብስለት የተጠና ቁጥር አይደለም፣ እዚህ ላይ ወላጆች ልክ ናቸው። ግን ዕድሜ መዋሸት ሌላ ነገር ያመጣል። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላሉት የግል መልእክትን ዘግቷል፤ ከ13 እስከ 15 ያሉትን አካውንቶችም ከጅምሩ ፕራይቬት ያደርጋቸዋል። የ10 ዓመት ልጅ «የ25 ዓመት ሰው ነኝ» ብሎ ሲገባ እነዚህ አጥሮች ሁሉ ይነሱለታል። ማንም ይጽፍለታል። ማስታወቂያውም የ25 ዓመት ሰው ማስታወቂያ ነው።

«የኔ ልጅ ጨዋ ነው፣ ሰው አይጎዳም»

ስለ ደህንነት ስናወራ የኛን ልጅ ሁልጊዜ ተጎጂ አድርገን ነው የምናስበው። ቴሌግራም ላይ የክፍል ልጆች ግሩፕ ያየ ሰው ግን ስቲከሮቹን ያውቃቸዋል። አንዷ ክፍል ውስጥ ስታዛጋ ፎቶ ትነሳለች። ፎቶዋ ተቆርጦ ስቲከር ይሆናል። ከታች ቅጽል ስም ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ ማንም ቀልድ ባወራ ቁጥር የእሷ ፊት ይላካል። የሠራው ልጅ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ሳቅ ፈልጎ ነው። የላኩት ሃያ ልጆችም እንደዚያው። ልጅቷ ግን ሰኞ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብላ ትቀራለች።

«ሰድበሃል?» ብለን ከጠየቅነው «አልሰደብኩም» ይላል፣ ልክም ነው። ጥያቄው «ማንን ሳትጠይቅ ፎቶ አነሳህ? ያቺን ስቲከር ስትልክ እሷ ግሩፑ ውስጥ ነበረች?» ነው መሆን ያለበት። «አጥፍቼዋለሁ» ማለትም አያድነውም። ስቲከሩ ፓክ (የስቲከር ስብስብ) ውስጥ ገብቶ ሌሎች ካወረዱት፣ እሱ ከራሱ ስልክ ማጥፋቱ የትም አያደርስም። የሠራውን ፓክ ራሱ መሰረዝ፣ የላኩትም እንዲያጠፉ መጠየቅ፣ ከዚያ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ይቅርታው ደግሞ በአካል ይሁን።

«የልጄን ፎቶ እኔው ብለጥፍ ማን ያገባዋል?»

የኬጂ ምረቃ ፎቶ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋውን ለብሳለች፣ ታምራለች። ከኋላ ባነሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም አለ። እጇ ላይ የያዘችው ሰርተፊኬት ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ያሳያል። ከሥር አባቷ «የኔ ልዕልት 6 ዓመቷ ዛሬ ነው» ብሎ ቀኑን ይጨምርበታል። አንድ የማያውቃት ሰው ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆሞ በስሟ ሊጠራት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ አለ። መለጠፍ ክልክል ነው አላልኩም። ሰርተፊኬቱን አስቀምጦ፣ ባነሩን ቆርጦ፣ ለጓደኛ ብቻ አድርጎ መለጠፍ ይቻላል። ልጅቷ 8 እና 9 ዓመት ከሆናት ደግሞ እሷንም መጠየቅ ነው። «ይሄን ልለጥፈው?» ተብላ ያደገች ልጅ ነገ የጓደኛዋን ፎቶ ከመላኳ በፊት ትጠይቃለች።

«ይህን የሚያስተምረው ትምህርት ቤቱ ነው»

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ራሱን ችሎ የሚመጣው 7ኛ ክፍል ላይ ነው። እስከዚያ ልጁ ዓመታት ሙሉ ስልክ ሲነካ ቆይቷል። ትምህርት ቤቱን የምንጠይቀው ሌላ ነገር አለ። በኛ አቆጣጠር በ2012 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቹ የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ፤ ልማዱ ቀጥሏል። በወላጅ ስብሰባ ላይ ይህንን አንሱ፦ ግሩፑ ላይ ያሉት ልጆቹ ናቸው ወይስ ወላጆች? አድሚኑ ማነው? ከትምህርት ቤቱ የለቀቀ ሠራተኛ አሁንም እዚያ አለ? የአባላቱን ስም ዝርዝር ሁሉም ያያል? ከ100 በላይ አባላት ያሉት የቴሌግራም ግሩፕ ዝርዝሩን መደበቅ ይችላል። አድሚኑ የግሩፑን ሴቲንግ ከፍቶ አንዲት ቁልፍ መንካት ነው የሚጠበቅበት፤ ስብሰባው ሳያልቅ እዚያው ማድረግ ይቻላል።