የትከሻ ጅማት መበጠስ ምንድን ነው? ኤምአርአይ ላይ ስለታየ ብቻ አይሰፋም

«ጅማቱ ተበጥሷል፣ ስለዚህ ኦፕራሲዮን ግድ ነው።» ሰሞኑን ይህን ደጋግሜ አየሁት። አንድ አስተያየት ሰጪማ «የተበጠሰ ጅማት በስፖርት አይቀጠልም፤ ፊዚዮቴራፒ ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ደመደመ። ከፊሉ እውነት ነው። ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማት በእንቅስቃሴ ተመልሶ አጥንቱ ላይ አይጣበቅም። ግን እኛ ፊዚዮቴራፒስቶች መቼ እንቀጥለዋለን አልን?

ይህ የምንነጋገርበት የትከሻ ጅማት ሮታተር ከፍ ይባላል፤ የአራት ጡንቻዎች ጅማት ነው። አራቱ ተባብረው የክንዱን አጥንት ራስ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ቢደክም ሦስቱ ሸክሙን ተከፋፍለው መንገዱን ይቀጥላሉ። ግን እንዲሁ አይሆንም፤ አያያዛቸውን መቀየር፣ እርምጃቸውን ማስተካከል አለባቸው። የኛ ሥራ ይኸው ነው፤ የቀሩትን ማጠንከርና ማቀናጀት። ሁለት ሦስቱ ባንዴ ከለቀቁ ግን ቃሬዛው ይወድቃል። ጉዳቱ ትልቅ ሲሆን ክንድ ወደ ላይ አልነሳ የሚለው ለዚህ ነው።

ደግሞም ምስሉ ላይ የታየ ሁሉ የሕመሙ ምንጭ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ጅማት ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ትከሻዬን አመመኝ ብለው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ቢመረመሩ፣ ጅማታቸው ተበጥሶ ይገኛል።

ፊንላንድ ውስጥ ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ሳይወድቁና ሳይመቱ ጅማታቸው የተበጠሰ ሰዎችን ተመራማሪዎች በዕጣ በሦስት መደቧቸው። በጠቅላላው 180 ትከሻዎች ነበሩ። ለመጀመሪያዎቹ ፊዚዮቴራፒ ብቻ ተሰጠ። ለሁለተኛዎቹ በዚያ ላይ የትከሻው ጫፍ አጥንት ተፋቀላቸው። ለሦስተኛዎቹ ጅማቱም ጭምር ተሰፋ። በ2014 የወጣው የአንድ ዓመት ውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። በሁለት ዓመትም እንደዚያው። ልብ በሉ፣ የተሰፋላቸውም ፊዚዮቴራፒ አልቀረላቸውም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ክንዱ ለሳምንታት ታስሮ ይቆያል፣ ከዚያ ወደኛው ይመጣል።

ስፌትንና ፊዚዮቴራፒን ያነጻጸረውን የኖርዌይ ጥናት ብዘል ግን ሚዛኔ ይጎድላል። 103 ሰዎች ነበሩበት፤ ጉዳታቸው ትንሽና መካከለኛ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልዩነቱ ጥቂት ነበር። በአሥረኛው ዓመት ግን የተሰፋላቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩትም ሩብ ያህሉ በኋላ ኦፕራሲዮን አድርገዋል። ስለዚህ በፊዚዮቴራፒ መጀመር ማለት ኦፕራሲዮንን እርም ማለት አይደለም።

ፊዚዮቴራፒ ሲባል ማሞቅና ማሸት ብቻ የሚመስለውም ብዙ ነው። ዋናው ሥራ ይህን ይመስላል። ላስቲክ በር እጀታ ላይ ይታሰራል። ክርን ከጎን ይጠጋል፣ በመሃል የታጠፈ ፎጣ ይገባል። ፎጣው ሳይወድቅ ክንዱን ወደ ውጭ መጎተት፣ ከዚያ ይበልጥ ቀስ ብሎ መመለስ። ሳምንታት ሲያልፉ ላስቲኩ ይጠነክራል። ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ቀን ሙቀት ተደርጎለት «ፊዚዮ ሞክሬ አልሆነልኝም» የሚል ሰው ገና አልሞከረም።

ክንዱ በሌላ ሰው እጅ ሲገፋም አልንቀሳቀስ ካለ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ትከሻው ሊደርቅ ይችላል፤ ሕክምናውም ይለያል።

ወድቆ፣ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሳ ድንገት አሞት፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክንዱን ማንሳት ያቃተው ሰው ግን ይህን አንብቦ ቤቱ አይቀመጥ። ወጣት ከሆነና በጉልበቱ ሠርቶ የሚያድር ከሆነማ ይበልጥ ያስቸኩላል። ጅማቱ የተበጠሰበት ጡንቻ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ይሰልላል፣ በስብም ይተካል። ያኔ ቢሰፋም ጉልበቱ እንደ ድሮው አይመለስም። ወራት ሳይቆጠሩ የአጥንት ሐኪም ይየው።